የሞተርሳይክል ካምሻፍት ኩሽኔታ

የካምሻፍት ኩሽኔታ በሞተር ውስጥ ካምሻፍት የተባለውን ዘንግ በቦታው ይዞ በትንሽ ሰበቃ እንዲሽከረከር የሚያደርግ ክፍል ነው። ኩሽኔታው በመዳፍ የሚያዝ ትንሽ ዕቃ ሲሆን ዋጋውም ከሞተሩ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ ሲሰበር የብረት ፍርፋሪው ከዘይት ጋር ተጉዞ የዘይት ፓምፑን ሊያበላሽና መላውን ሞተር ከጥቅም ውጭ ሊያደርግ ይችላል። በዚህ ምክንያት ኩሽኔታውና በዙሪያው ያሉት ሰንሰለቶች፣ መወጠሪያዎችና ጓርኒሲዮኖች ብዙ ጊዜ በአንድነት ይቀየራሉ።

በዚህ ረገድ በስፋት ከሚታወቁት ሞተሮች አንዱ የአሜሪካው ሃርሊ ዴቪድሰን ኩባንያ በ1999 እ.ኤ.አ. ሞዴሎቹ ላይ ያወጣው ትዊን ካም 88 ነው። የዚህ ሞተር የካም ኩሽኔታ ጉዳይ እስከ ዊስኮንሲን ግዛት ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሷል። በዚህ መጣጥፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስያሜ

በኢትዮጵያ ጋራዦች ከሚነገሩት የሞተር ቃላት ብዙዎቹ የመጡት ከጣሊያንኛ ነው። ኩሽኔታ፣ ብሎን፣ ዳዶ፣ ሞላ፣ ካንዴላ፣ ካቴና እና ጓርኒሲዮን ከእነዚህ ይገኙበታል። ኩሽኔታ በእንግሊዝኛው አጠራር ቤሪንግ የሚባለው ነው። ካቴና ደግሞ በዚህ መጣጥፍ ሰንሰለት ተብሎ ተጽፏል። ካምሻፍት፣ ክራንክሻፍትና ታፔት በእንግሊዝኛ አጠራራቸው ቀርበዋል።

የካምሻፍት ሥራ

ባለ አራት ምት ሞተር በእያንዳንዱ ዙር አየርና ነዳጅ ያስገባል፣ ያምቃል፣ ያቃጥላል፣ ጭሱን ያስወጣል። ለማስገባትና ለማስወጣት የሚከፈቱትና የሚዘጉት በሮች ቫልቮች ይባላሉ። ቫልቮቹ መቼ እንደሚከፈቱ፣ ምን ያህል እንደሚከፈቱና መቼ እንደሚዘጉ የሚወስነው ካምሻፍቱ ነው። ካምሻፍት በላዩ ላይ የእንቁላል ቅርጽ ያላቸው እብጠቶች ያሉት ዘንግ ነው። ዘንጉ ሲሽከረከር እብጠቱ ታፔቱን ወደ ላይ ይገፋል፣ ቫልቩም ይከፈታል። እብጠቱ ሲያልፍ ጠንካራ ሞላ ቫልቩን መልሶ ይዘጋዋል።

የአራቱ ምት አንድ ዙር የሚጠናቀቀው ክራንክሻፍቱ ሁለት ጊዜ ሲዞር ነው። እያንዳንዱ ቫልቭ ግን በአንድ ዙር የሚከፈተው አንድ ጊዜ ብቻ ስለሆነ ካምሻፍቱ በክራንክሻፍቱ ፍጥነት እኩሌታ ይዞራል። ክራንክሻፍቱ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ቢዞር ካምሻፍቱ 1,500 ጊዜ፣ ማለትም በሰከንድ 25 ጊዜ ይዞራል። በእያንዳንዱ መዞር የቫልቩ ሞላ ካምሻፍቱን ወደ ጎን ይገፋዋል። ስለዚህ ኩሽኔታው የሚሸከመው ጭነት ቋሚ አይደለም፤ በየሰከንዱ ደጋግሞ እንደሚያርፍ ምት ነው። የካምሻፍቱ የመንጃ ሰንሰለትም በበኩሉ ዘንጉን ወደ አንድ ወገን ይጎትተዋል።

የኩሽኔታ ዓይነቶች

በሞተርሳይክል ካምሻፍት ላይ በብዛት የሚገኙት አራት ዓይነቶች ናቸው።

ባለ ብይ ኩሽኔታ፦ በሁለት የብረት ቀለበቶች መካከል ክብ የብረት ብዮች አሉት። ከጎን የሚመጣ ጭነትን ይሸከማል፤ ዘንጉ በርዝመቱ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንዳይንሸራተትም ይይዛል። ነገር ግን ብይ ከቀለበቱ ጋር የሚነካካው በጣም ጠባብ በሆነ ነጥብ ስለሆነ ጭነቱ በዚያ ነጥብ ላይ ይከማቻል።

ባለ ሮለር ኩሽኔታ፦ በብይ ፈንታ አጫጭር ሲሊንደሮች አሉት። ሲሊንደሩ ቀለበቱን የሚነካው በመስመር ስለሆነ ተመሳሳይ መጠን ካለው ባለ ብይ ኩሽኔታ የበለጠ የጎን ጭነት ይችላል።

ባለ መርፌ ኩሽኔታ፦ የሮለር ዓይነት ሲሆን ሲሊንደሮቹ ቀጫጭንና ረጃጅም ናቸው። ቦታ በጠበበበት ይመረጣል። መርፌዎቹ በየመካከላቸው ክፍተት በሚጠብቅ ቀፎ የተያዙ፣ ወይም ያለ ቀፎ ጎን ለጎን ሞልተው የተደረደሩ ሊሆኑ ይችላሉ። ሞልቶ የተደረደረው ብዙ መርፌዎች ስላሉት ጭነቱ ለብዙዎች ይካፈላል።

ተንሸራታች ኩሽኔታ፦ የሚንከባለል ነገር የለውም። ዘንጉ በተስተካከለ ቀዳዳ ውስጥ፣ በቀጭን የዘይት ሽፋን ላይ ተንሳፎ ይዞራል። የዘይት ግፊት እስካለ ድረስ ብረት ከብረት አይነካካም፤ ግፊቱ ከወደቀ ግን በፍጥነት ይበላል።

ትዊን ካም 88

ሃርሊ ዴቪድሰን ዋና መሥሪያ ቤቱ በዊስኮንሲን ግዛት በሚልዋኪ ከተማ የሚገኝ ኩባንያ ነው። ከትዊን ካም በፊት የነበረው የኩባንያው ትልቅ ሞተር ኢቮሉሽን ሲሆን አንድ ብቻ ካምሻፍት ነበረው፤ እሱም በጥርስ ለጥርስ ይነዳ ነበር። በ1999 ሞዴሎች ላይ የወጣው ትዊን ካም 88 ስሙ እንደሚለው ሁለት ካምሻፍቶች አሉት። 88 የሚለው ቁጥር የሞተሩን ይዘት በኪዩቢክ ኢንች የሚገልጽ ሲሆን 1,450 ሲሲ ገደማ ማለት ነው። ሞተሩ በአየር የሚቀዘቅዝ፣ ሁለቱ ሲሊንደሮች በ45 ዲግሪ የተከፈቱ ነው። ንዝረት የሚቀንሱ ማመጣጠኛ ዘንጎች ያሉት 88ቢ የተባለው ዓይነት በ2000 ሞዴል ተከተለ።

ካምሻፍቶቹ የሚገኙት በሞተሩ ቀኝ ጎን በታችኛው ክፍል ነው። የፊተኛው ካም የፊተኛውን ሲሊንደር ቫልቮች፣ የኋላው ካም የኋላውን ሲሊንደር ቫልቮች ያንቀሳቅሳል። የሚነዱትም በሁለት ሰንሰለቶች ነው። አንደኛው ሰንሰለት ከክራንክሻፍቱ ወደ ኋላው ካም ይሄዳል። ሁለተኛውና ከውስጥ ያለው ሰንሰለት ከኋላው ካም ወደ ፊተኛው ካም ያስተላልፋል። በዚህ አደራደር የኋላው ካም የራሱን ቫልቮች ጭነት ብቻ ሳይሆን የሁለቱንም ሰንሰለቶች ጉተታ ይሸከማል።

እያንዳንዱ ካም በሁለት ኩሽኔታ ይያዛል። የውስጠኛው ጫፍ በሞተሩ አካል ውስጥ በተጠቀጠቀ ባለ መርፌ ኩሽኔታ ይገባል። የውጨኛው ጫፍ ደግሞ ደጋፊ ፕሌት በሚባል የአሉሚኒየም ክፍል ላይ በተቀመጠ ኩሽኔታ ይያዛል። ይኸው ፕሌት ዘይት የሚያልፍባቸው ቦዮች አሉት፤ የዘይት ፓምፑም ከጀርባው በክራንክሻፍቱ ጫፍ ላይ ይገኛል። ስለዚህ ከካሞቹ የሚወጣ ማንኛውም ፍርፋሪ ከፓምፑ የሚርቀው በጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው።

የኋላው ካም ኩሽኔታ ችግር

በመጀመሪያዎቹ ትዊን ካም ሞተሮች የሁለቱም ካሞች የውጨኛ ኩሽኔታ ባለ ብይ ነበር። ከፍተኛውን ጭነት በሚሸከመው በኋላው ካም ላይ ይህ ኩሽኔታ በአንዳንድ ሞተሮች ተሰበረ። ኩባንያው በ2000 ሞዴል ምርት ወቅት የኋላውን ወደ ባለ ሮለር ኩሽኔታ ለወጠው። የፊተኛው ግን ባለ ብይ ሆኖ ቀጠለ።

በጥር 2001 ኩባንያው ለ1999 እና ለ2000 መጀመሪያ ሞዴሎች ባለቤቶች ደብዳቤ ላከ። ደብዳቤው የኋላው ካም ኩሽኔታ በጥቂት ሞተሮች ላይ መሰበሩን ገልጾ፣ የዚህን ክፍል ዋስትና ከአንድ ዓመት ወደ 5 ዓመት ወይም 50,000 ማይል (80,000 ኪሎ ሜትር ገደማ) አራዘመ። ለጥገና ክፍሎችም 495 ዶላር የሚያወጣ የካም ኩሽኔታ መጠገኛ ስብስብ ተዘጋጀ።

ከዚህ በኋላ የተወሰኑ ባለቤቶች በኩባንያው ላይ በሁሉም ባለቤቶች ስም የቡድን ክስ መሠረቱ። ከሳሾቹ ኩሽኔታቸው ተሰብሮባቸው አልነበረም። ክርክራቸው ኩባንያው ጉድለቱን ደብቆ ሸጦልናል፣ ሞተርሳይክላችንም ከከፈልንበት ዋጋ በታች ሆኗል የሚል ነበር። በ2004 የዊስኮንሲን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ክሱን ውድቅ አደረገ። ምርቱ ሳይሰበር ሊሰበር ይችላል ተብሎ ብቻ የሚቀርብ የዋጋ መቀነስ በማታለል ክስ ካሳ አያስገኝም፤ ገዢው መብቱን መጠየቅ ያለበት በሽያጭ ውሉና በዋስትናው ነው የሚል ውሳኔ ሰጠ። ጉዳዩ በ2007 እንደገና ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ቢመለስም የተዘጋው መዝገብ እንዲከፈት አልተፈቀደም። ውሳኔው ጉድለት ያለባቸውን ምርቶች በሚመለከት በአሜሪካ የሕግ ትምህርት ውስጥ ይጠቀሳል።

የሰንሰለት መወጠሪያ

ከኩሽኔታው ይልቅ ብዙ ሰዎች የካም ክፍሉን እንዲከፍቱ ያደረጋቸው የሰንሰለት መወጠሪያው ነው። ሰንሰለት ሲላላ ይንጫጫል፤ በጣም ሲላላም ጥርስ ሊዘል ይችላል። ይህን ለመከላከል በትዊን ካም 88 እያንዳንዱ ሰንሰለት በጠንካራ ሞላ የሚገፋ የፕላስቲክ ንጣፍ ያርፍበታል። ሁለት ሰንሰለቶች ስላሉ ንጣፎቹም ሁለት ናቸው።

ሰንሰለቶቹ ከስስ የብረት ቅጠሎች የተደረደሩ፣ ድምፅ የሚቀንሱ ዓይነት ናቸው። የቅጠሎቹ ጠርዝ በሞላ ተገፍቶ የተለጠፈውን ፕላስቲክ እየፋቀ ይሄዳል። የተፋቀው ዱቄት ከዘይት ጋር ይቀላቀላል። ንጣፉ ሲሳሳ ይሰነጠቃል፣ ቁርጥራጩም ወደ ፓምፑና ወደ ዘይት ቀዳዳዎች ይገባል። ፕላስቲኩ ካለቀ በኋላ ደግሞ ሰንሰለቱ የመወጠሪያውን ብረት ይነካል፤ ያን ጊዜ የሚወጣው የብረት ብናኝ ነው።

ንጣፉ የሚቆይበት ዘመን ከሞተር ሞተር በእጅጉ ይለያያል። ልምድ ያላቸው መካኒኮች ከ40,000 ኪሎ ሜትር በፊት ከፍቶ ማየትን ይመክራሉ። ውጨኛው ንጣፍ የካም ክዳኑ እንደተነሣ ይታያል። ውስጠኛው ግን ከደጋፊ ፕሌቱ ጀርባ ስለተደበቀ በመስተዋት ወይም በትንሽ ካሜራ መታየት ይኖርበታል። የውጨኛው ደህና መሆን ለውስጠኛው ዋስትና አይሆንም።

የመበላሸት ምልክቶች

የዚህ ብልሽት አስቸጋሪነት ለረጅም ጊዜ ድምፅ የሌለው መሆኑ ነው። ሞተሩ በጉልበትም ሆነ በአነሣሥ ምንም ለውጥ ሳያሳይ ንጣፉ ሊያልቅ ይችላል። ሊታዩ ከሚችሉት ምልክቶች የሚከተሉት ይገኙበታል፦

በዘይት ፊልትሮው ውስጥ የፕላስቲክ ወይም የብረት ቁርጥራጭ መገኘት። አሮጌውን ፊልትሮ ቆርጦ ወረቀቱን ዘርግቶ ማየት ጥሩ ልማድ ነው።

ሞተሩ ሲሞቅ የዘይት ግፊት ከወትሮው መውረድ።

ከሞተሩ ቀኝ ጎን በታች የሚሰማ የሰንሰለት መንጫጫት ወይም የመፋጨት ድምፅ። ይህ ብዙውን ጊዜ የሚሰማው ጉዳቱ ከገፋ በኋላ ነው።

የክፍሎቹ አቀያየር

የሚከተለው በሞላ መወጠሪያ የሚሠራው የትዊን ካም 88 ቅደም ተከተል ነው። የብሎኖች ማጥበቂያ መጠን እንደ ሞዴሉ ዓመት ስለሚለያይ ከፋብሪካው የጥገና መጽሐፍ መወሰድ አለበት።

መፍታት፦ የባትሪው ሽቦ ይነቀላል፣ ዘይቱ ይፈስሳል፣ የጭስ ማውጫው ይወርዳል። ካንዴላዎቹ ከወጡ ሞተሩን በእጅ ማዞር ይቀላል። ቀጥሎ ከታፔት ወደ ሮከር የሚሄዱት ገፊ ዘንጎች መለቀቅ አለባቸው። ይህ በሁለት መንገድ ይሠራል። አንደኛው የነዳጅ ታንከሩንና የሮከር ክዳኖቹን አንሥቶ ማውጣት ነው። ሁለተኛው አሮጌዎቹን ዘንጎች ቆርጦ ርዝመታቸው በሚስተካከሉ አዳዲስ ዘንጎች መተካት ነው። በሁለቱም መንገድ የሚሠራበት ሲሊንደር ፒስተን በመታመቂያው ምት ጫፍ ላይ መሆን አለበት፤ በዚህ ቦታ ሁለቱም ቫልቮች ስለሚዘጉ በዘንጎቹ ላይ ያለው ጫና ይቀንሳል። ያለ ማስተካከያ የተሠሩ ዘንጎች በድጋሚ የሚገቡ ከሆነ የማስገቢያና የማስወጫ ዘንጎች ርዝመት ስለሚለያይ እያንዳንዱ ከየት እንደወጣ ምልክት ይደረግበታል።

ካሞቹን ማውጣት፦ የካም ክዳኑ ሲነሣ የውጨኛው ሰንሰለት ይታያል። የመወጠሪያው ሞላ ጠንካራ ስለሆነ ወደ ኋላ ተገፍቶ በቀጭን ሽቦ ወይም በፒን ይያዛል። ሰንሰለቱ የሚጠልቅባቸው ጥርሳማ ክቦች እንዳይዞሩ ተይዘው ብሎኖቻቸው ይፈታሉ። ከዚያም ክቦቹና ሰንሰለቱ በአንድነት ይወጣሉ። ታፔቶቹ እንዳይወድቁ በማግኔት ወደ ላይ ተይዘው፣ ደጋፊ ፕሌቱ ከሁለቱ ካሞች ጋር በአንድ ላይ ይወጣል።

የውስጥ ኩሽኔታዎች፦ ሁለቱ ባለ መርፌ ኩሽኔታዎች በሞተሩ አካል ውስጥ ይቀራሉ። ጀርባቸው ስለማይገኝ ከውስጥ ተከፍቶ በሚይዝ መንቀያ ይጎተታሉ። በመዶሻና በካቻቢቴ መቆርቆር የአሉሚኒየሙን መቀመጫ ያበላሻል፤ ፍርፋሪም ወደ ሞተሩ ይጥላል። አዲሱ ኩሽኔታ የሚገባው በመጭመቂያ መሣሪያ ቀስ ተብሎ ነው። ቁጥር የተቀረጸበት ጠንካራው ፊት ወደ መጭመቂያው ይዞራል። ብዙ መካኒኮች ከፋብሪካ የመጡትን ባለ ቀፎ ኩሽኔታዎች መርፌ ሞልቶ በተደረደረባቸው ይተኳቸዋል። እነዚህ ቶሪንግተን በሚባለው የቀድሞ አምራች ስም ይታወቃሉ። ቶሪንግተን በ2003 በቲምከን ኩባንያ ቢገዛም በጋራዥ ቋንቋ ስሙ ቀርቷል። እነዚህ ኩሽኔታዎች ደህና ቢመስሉም እንኳ ይቀየራሉ፤ ምክንያቱም ዋጋቸው ትንሽ ነው፣ ሞተሩን ዳግመኛ መክፈት ግን ሙሉ ሥራ ነው።

የውጭ ኩሽኔታዎች፦ ካሞቹ ከፕሌቱ የሚለያዩት በመጭመቂያ ነው። አስቀድሞ የውስጠኛው ሰንሰለት መወጠሪያ በፒን ይያዛል። ኩሽኔታ ሲጨመቅ ኃይሉ ማረፍ ያለበት በሚጠብቀው ቀለበት ላይ ነው። ወደ ፕሌቱ ሲገባ የውጨኛው ቀለበት፣ ወደ ዘንጉ ሲገባ የውስጠኛው ቀለበት ይገፋል። ኃይሉ በብዮቹ በኩል ካለፈ በዓይን የማይታይ ጉድጓድ ይፈጥራል፤ ኩሽኔታው አዲስ ሆኖ ሳለ ተበላሽቷል ማለት ነው።

መግጠም፦ ከመግጠም በፊት የዘይት ፓምፑ ተፈትቶ ይታያል፤ ጥልቅ ጭረት ካለው ይቀየራል። በካሞቹ ላይና በጥርሳማ ክቦቹ ላይ ያሉት ምልክቶች ትይዩ መሆን አለባቸው። አንድ ጥርስ ቢዛነፍ ቫልቮቹ በተሳሳተ ጊዜ ይከፈታሉ። የውጨኛው ሰንሰለት ሁለት ክቦች በአንድ መስመር ላይ መሆናቸው በቀጥ ያለ ማስመሪያ ይፈተሻል። ልዩነቱ ከ0.25 ሚሊ ሜትር ከበለጠ ከኋላው ካም ክብ ጀርባ ያለው ቀለበት በሌላ ውፍረት ይቀየራል። ፕሌቱ ሲጠብቅ ሞተሩ በእጅ እየተዞረ ፓምፑ ራሱን መሐል ላይ እንዲያስቀምጥ ይደረጋል።

ገፊ ዘንጎቹን ማስተካከል፦ ታፔቶቹ በውስጣቸው ዘይት ይይዛሉ። የሚስተካከል ዘንግ ሲረዝም ታፔቱ ተጨምቆ ቫልቩን በጥቂቱ ይከፍታል፤ ዘይቱ ቀስ በቀስ ሲወጣ ቫልቩ ይዘጋል። ይህ እስኪሆን ሳይጠበቅ ሞተሩ ቢዞር ቫልቭ ሊታጠፍ ይችላል። ዘንጉን በጣት ማሽከርከር ሲቻል ቫልቩ መዘጋቱ ይታወቃል። ሁሉም ከተገጠመ በኋላ ሞተሩ በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር ይዞራል። ሁለት የሚሆነው ካሙ አንድ ጊዜ እንዲዞርና እያንዳንዱ ቫልቭ አንድ ጊዜ እንዲከፈት ነው። ሲነሣም የመጀመሪያው ሥራ የዘይት ግፊቱን ማየት ነው።

የክራንክሻፍቱ መወላገድ

የካም ክፍሉ ሲከፈት የክራንክሻፍቱ ጫፍ ሲዞር ምን ያህል እንደሚወላገድ መለካትም የተለመደ ነው። የሚለካው እንደ ሰዓት ፊት ባለው የመለኪያ መሣሪያ ነው። ጫፉ የዘይት ፓምፑንና የውጨኛውን ሰንሰለት ስለሚያንቀሳቅስ፣ ብዙ ከተወላገደ አዳዲሶቹን ክፍሎችም ቶሎ ይጨርሳል። ይህ መለኪያ ሰንሰለቶቹን በጥርሳማ ጎማዎች ለመተካት ለሚያስቡ የግድ ነው። ጥርስ ለጥርስ የሚሠራው ስልት መወጠሪያ ስለማያስፈልገው የንጣፉን ችግር ያስወግዳል። ነገር ግን የራሱን ካሞች ይፈልጋል፤ መወላገዱም ከ0.003 ኢንች (0.076 ሚሊ ሜትር) እንዳይበልጥ ይጠየቃል።

በኋላ የመጡ ለውጦች

ሃርሊ ዴቪድሰን በ2006 በዳይና ሞዴሎች፣ በ2007 ደግሞ በቀሩት ትላልቅ ሞተሮቹ ላይ አዲስ ስልት አወጣ። መወጠሪያዎቹ በሞላ ፈንታ በዘይት ግፊት የሚሠሩ ሆኑ፤ ሰንሰለቶቹም ባለ ሮለር ሆኑ፤ ንጣፉን የሚፍቀው ስስ ጠርዝ ቀረ። የውጨኛዎቹ ኩሽኔታዎችም ተወግደው ካሞቹ በቀጥታ በደጋፊ ፕሌቱ ቀዳዳ ውስጥ በዘይት ላይ መዞር ጀመሩ። የውስጠኛዎቹ ባለ መርፌ ኩሽኔታዎች ግን ቀጠሉ። የ88 ሞተር ባለቤቶችም ይህን ስልት በስብስብ ገዝተው ወደ ቀድሞው ሞተራቸው ሊያስገቡ ይችላሉ።

ለ2017 ሞዴሎች ትዊን ካምን መተካት የጀመረው ሚልዋኪ ኤይት ሞተር ወደ አንድ ካምሻፍት ተመለሰ። በዚህ ሞተር ሁለት ካሞችን የሚያገናኘው የውስጠኛ ሰንሰለትና መወጠሪያው አያስፈልጉም።